የሐረማያን ዳርቻ ለአሳና ለወፍ መመለስ፦ ከኮረብታው እስከ ውሃው አፍ

የሐረር ሰው የሐረማያ ሐይቅን መድረቅ ያወቀው በቧንቧው ነው። ከተማዋ ለብዙ ዓመታት የምትጠጣው ከዚያ ሐይቅ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ ሐይቁ ሲያልቅ፣ ጄሪካን ይዞ መሰለፍ የየቤቱ ኑሮ ሆነ። ኋላ ላይ ከድሬዳዋ በኩል ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ውሃ ተራራውን ሽቅብ እየተገፋ መምጣት ጀመረ።

አሁን ሐይቁ ተመልሷል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ አይቶታል፤ ውሃ አለ፣ ወፍ አለ። ግን ተመለሰ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። ያደረቁት ነገሮች ዛሬም አሉ። ለጫትና ለአትክልት ውሃ የሚስቡት ሞተሮች አሉ። ከተራቆተው ኮረብታ እየታጠበ የሚገባው ደለልም አለ። በዚያ ላይ ሐረማያ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባበት አፈር፣ ኬሚካልና ሳሙና ሁሉ እዚያው ይቀራል። ውሃው ግን በፀሐይ ተንኖ፣ ወደ መሬት ሰርጎና በሞተር ተስቦ ይሄዳል።

ይህን የምጽፈው ሐረር፣ ሐረማያ ወይም ድሬዳዋ ሆናችሁ አንድ ነገር ልንሠራ እንፈልጋለን ለምትሉ ነው። የተማሪ ክበብ፣ አፎቻ፣ እድር ወይም የሰፈር ወጣቶች ልትሆኑ ትችላላችሁ። አብዛኛው ሰው ሐይቅ እንጠብቅ ሲባል ዓይኑ መሃል ውሃው ላይ ያርፋል። ሥራው ያለው ግን እግር በሚረጥብበት ዳር ላይና ጎርፉ በሚነሳበት ኮረብታ ላይ ነው።

መጀመሪያ ዳሩን እወቁ

ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት ሐይቁን በእግር ዙሩት። አንዴ በበጋ፣ ጥር አካባቢ፤ አንዴ ደግሞ በክረምት፣ ነሐሴ ላይ። በሁለቱ መካከል ውሃው የሚሄድበትና የሚመለስበት መሬት አለ። በበጋ ደረቅ ሜዳ ይመስላል፤ ጎመንም ሊተከልበት ይችላል። በክረምት ግን ጉልበት የማይደርስ ውሃ ይተኛበታል። ለአሳ ከሐይቁ ሁሉ ትልቁ ቦታ ይሄ ነው።

ለምን? በሀገራችን ሐይቆች የምናውቃቸውን ሁለት አሳዎች እንይ። አምባዛ ዝናቡ ሲበረታ ማታ ማታ ከጥልቁ ወጥቶ አዲስ ውሃ ወደተኛበት ሣር ይመጣል። ውሃው አንዳንዴ በጣም ከማነሱ የተነሳ ጀርባው ይታያል። እንቁላሉን የሚያጣብቀው ሣሩ ላይ ነው። ጎንበስ ብላችሁ አንድ ዘለላ ሣር ብታወጡ ሰናፍጭ የሚያክሉ አረንጓዴ መሰል ፍሬዎች ተለጥፈውበት ልታዩ ትችላላችሁ። በአንድ ሁለት ቀን ይፈለፈላሉ። ሣሩ ከታጨደ ወይም መሬቱ ከታረሰ ግን እንቁላሉ የሚጣበቅበት የለውም። ቆሮሶ ደግሞ ሌላ ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳር ወለሉን እየቆፈረ ሳህን የመሰለ ጎድጓዳ ያዘጋጃል፤ ሴቷ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ደለል ያለማቋረጥ የሚወርድበት ዳር ላይ ያ ጎድጓዳ ይሞላል።

ስለዚህ በዙሪያችሁ ሦስት ነገር ምልክት አድርጉ፦ ጎርፍ የሚገባባቸውን አፎች፣ ሣርና ቄጠማ የቀረባቸውን ቦታዎች፣ ባዶ ጭቃ ያለባቸውን ቦታዎች። የስልክ ካርታ ላይ ነጥብ መጣል ይበቃል። ባዶ ጭቃውን አትናቁት። ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው ከመስከረም እስከ መጋቢት የሚቆዩት እግረ ረጃጅም ወፎች ምንቃራቸውን እየሰኩ ትል የሚያወጡት ከእሱ ነው።

ቀጥሎ ሰው

መሬቱ ባለቤት አለው፤ ባይሆን እንኳ የሚያርሰው አለ። በሐይቁ ዙሪያ ያለው ገበሬ የሚኖረው በጫቱ፣ በድንቹ፣ በሽንኩርቱና በጎመኑ ነው። ጫት በበጋ ዋጋው ይወጣል፤ በበጋ ለማድረስ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። ከአወዳይ የጫት ገበያ ሳንርቅ ይህን ረስተን «ሞተራችሁን አንሱ» ብንል ማንም አይሰማንም፤ ባይሰማንም አይፈረድበትም።

በመጀመሪያ ቀበሌውን፣ ቀጥሎ የወረዳውን የግብርናና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ አግኙ። ከዚያ የሀገር ሽማግሌዎችን። ኦሮምኛ የሚናገር ሰው ከመካከላችሁ ይኑር። ሐረርጌ ላይ ብዙ ሰው ኦሮምኛም አማርኛም፣ አንዳንዱ ሐረሪኛም ይናገራል፤ ግን ገበሬውን በራሱ ቋንቋ ማናገር ክብር ነው። ሽማግሌዎቹን ሐይቁ ድሮ የት ድረስ ይደርስ እንደነበር ጠይቋቸው። በእጃቸው ያሳዩዋችኋል። ያ መስመር ለሥራችሁ ሁሉ መነሻ ይሆናል።

የጉልበት ሥራውን በአካባቢው ወግ አድርጉት። ገበሬው ጉዛ የሚባል ተራ በተራ የመረዳዳት ልማድ አለው። እናንተ ከከተማ የምትመጡት ለአንድ ቅዳሜ ጉዛ ገብታችሁ የእርከኑን ድንጋይ ብትሸከሙ፣ ከአሥር ስብሰባ የበለጠ ትተዋወቃላችሁ። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ በመንግሥት የሚጠራ የተፋሰስ ልማት ሥራም አለ። አዲስ ነገር ከመጀመር እሱ ላይ መጨመሩ ይሻላል፤ መሣሪያውም ባለሙያውም ያኔ ሜዳ ላይ ነው።

ከላይ ጀምሩ፦ ቦረቦሩን ማሠር

ዳር ላይ የተከላችሁት ቄጠማ፣ ከላይ ደለል እየወረደበት ከሆነ በአንድ ክረምት ይቀበራል። ስለዚህ ወደ ውሃው ከመውረዳችሁ በፊት፣ አፉን ካያችሁት ጎርፍ አንዱን ምረጡና ወደ ላይ ተከተሉት። አንዱን ብቻ። ሦስት ቦረቦር በግማሽ ከመሥራት አንዱን መጨረስ ይበልጣል።

ቦረቦሩን የሚያሠረው ክትር፣ ማለትም ጎርፉን የሚያዘገይ በቦረቦሩ ላይ አግድም የሚሠራ ትንሽ ግድብ ነው። የድንጋይ ክትር አሠራር ቀላል ነው፤ ግን የሚፈርሰው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ምክንያት ስለሆነ ጠጋ ብለን እንየው።

ከላይኛው ጫፍ ተነሱና ወደ ታች ውረዱ። የክትሩ ከፍታ ከአንድ ሜትር አይብለጥ። በሁለት ክትሮች መካከል ያለው ርቀት የሚወሰነው በቁልቁለቱ ነው፦ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ለምሳሌ ቦረቦሩ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ ባለ አንድ ሜትር ክትሮች በየ10 ሜትሩ ይቀመጣሉ። ቁልቁለቱ ሲበረታ ይቀራረባሉ።

መሠረቱን ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ታች ቆፍሩ። በሁለቱም ጎን ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወደ ግድግዳው አስገቡት። ክትር የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ውሃ በጎኑ ዞሮ ስለሚቦረቡረው ነው። ትልልቁን ድንጋይ ከታች፣ ረጅም ጎኑን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ደርድሩ። መሃሉን ከሁለቱ ጎን ዝቅ አድርጉት፤ ውሃው በመሃል እንዲያልፍ ነው። ይህን ከረሳችሁ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። በመጨረሻ ውሃው ከላይ ወድቆ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉ፤ ያለበለዚያ የክትሩን እግር ይቆፍረዋል።

ከክትሩ ኋላ ደለል ሲሞላ ደስ ይበላችሁ። ያ አፈር ሐይቁ ውስጥ ይገባ የነበረ ነው። ሣር ትከሉበት፤ ደሾ ወይም የዝሆን ሣር ቢሆን ባለመሬቱ ለከብቱ ያጭደዋል፤ ለከብቱ ከሆነው ደግሞ ራሱ ይጠብቀዋል።

ጎንና ጎን ያለው ኮረብታ ላይ እርከን ያስፈልጋል። ልኩን ለማውጣት ውድ መሣሪያ አትፈልጉም። ሁለት ሁለት ሜትር የሆኑ ሁለት እንጨቶችን አናታቸውን አሥራችሁ እግራቸውን ክፈቱ፣ መሃላቸው ላይ አግዳሚ ምቱ፣ ከአናቱ ድንጋይ የታሠረበት ገመድ አንጠልጥሉ። ኤ-ፍሬም ይባላል። ገመዱ አግዳሚው መሃል ላይ ካረፈ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። እያዞራችሁ ችካል ምቱ። በሁለት ሰው ግማሽ ቀን ሙሉ የኮረብታ ጎን ይለካል።

ኮረብታው በጣም ከተጎዳ ደግሞ ከንክኪ ነፃ እንዲሆን ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። ከብት ካልገባበት፣ ወይራውና ግራሩ ማንም ሳይተክለው ከሥሩ ይነሳል። ሣሩን ግን እያጨዱ እንዲወስዱ ፍቀዱ። ያለዚያ ክልከላው አይዘልቅም።

ዳሩን መልቀቅ

አሁን ወደ ውሃው እንውረድ። እዚህ ላይ የማምንበትን ልንገራችሁ፦ ከመትከል መልቀቅ ይበልጣል። በሰሜን አሜሪካ ፓሲፊክ ዳርቻ ላይ ሳልሞን የሚባለው አሳ ወንዝ ውስጥ ተወልዶ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ ወንዙና ባሕሩ በሚገናኙበት ረግረግ ቆይቶ ይመገባል፣ ጨዋማውንም ውሃ ይለምዳል። እዚያ ብዙው ረግረግ በእርሻ አጥር ግድብ ተዘግቶ ነበር። በዋሽንግተን ግዛት ኒስኳሊ በሚባለው የወንዝ አፍ በ2009 እ.ኤ.አ. ግድቡን አንስተው የባሕሩ ውሃ ተመልሶ እንዲገባ አደረጉ። ዋናው ሥራ ውሃው ወደ ድሮ ቦታው እንዲመለስ መፍቀድ ነበር።

የእኛ ሐይቅ ባሕርም ሳልሞንም የለውም። አምባዛው ግን የሚፈልገው ያንኑ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ባሳዩዋችሁ መስመርና በውሃው መካከል ሣር ብቻ የሚሆን ጥብጣብ እንዲቀር ተደራደሩ። ከ30 እስከ 50 ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። የማይቻል ከሆነ 10 ሜትርም ከምንም ይሻላል። በተለይ በጎርፍ አፎቹ ዙሪያ ሰፋ ይበል፤ ውሃው ሣሩ ውስጥ ሲዘገይ የያዘውን አፈር እዚያው ይጥላል።

ገበሬው ያንን መሬት ሲለቅ የሚያገኘው ነገር ሊኖር ይገባል። ሣሩ የእሱ ይሁን። በበጋ፣ ውሃው ሲሸሽ፣ አጭዶ ይውሰድ። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን አይታጨድ፣ ከብትም አይግባበት። ይህን የወር ገደብ በቀበሌው ፊት በጽሑፍ አስቀምጡት።

መትከል፦ ጥቂት፣ በጊዜው

ከተለቀቀ መሬት ላይ ብዙው ነገር በራሱ ይመጣል። የሚተከለው ባዶ ሆኖ የሚታጠብ ቦታ ላይ ነው።

ውሃው ጠርዝ ላይ ቄጠማና ፊላ ይሆናሉ። ችግኝ አትግዙ። እዚያው ሐይቅ ወይም አጠገቡ ካለው ከአዴሌ ሐይቅ በኩል፣ ጥቅጥቅ ብሎ ከበቀለበት ቦታ ከነአፈሩ ትንሽ ትንሽ ጉማጅ አንሱ፤ ከአንድ ቦታ ብዙ አትውሰዱ። በሰኔ መጨረሻ፣ ውሃው መነሳት ሲጀምር፣ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ጭቃ ውስጥ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር አራርቃችሁ ትከሉ። ጫፉ ከውሃ በላይ መቅረት አለበት፤ ሙሉ በሙሉ ከሰጠመ ይበሰብሳል። ፊላ በጣም ይስፋፋል፤ ስለዚህ ጥቂት ብቻ፣ በጎርፍ አፉ ላይ። ምልክት ያደረጋችሁበትን ባዶ ጭቃ አትንኩት፤ የወፎቹ ነው።

ከጥብጣቡ ላይኛው ጫፍ፣ እርሻው በሚጀምርበት መስመር፣ ቬቲቨር ሣር ትከሉ። በአንድ መስመር፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ተቀራርቦ። ሥሩ ጥልቅ ነው፣ በዘር አይዛመትም፣ አፈሩን እንደ አጥር ይይዛል። ለገበሬውም «የእርሻህ ወሰን እዚህ ነው» የሚል ግልጽ ምልክት ይሆናል፤ ስንት ክርክር ያስቀራል!

ባሕር ዛፍ ውሃ ዳር አትትከሉ። ውሃ ይጠጣል፣ ሥሩ ሥር ሣር አያበቅልም። ከድሬዳዋ ቆላ የምታውቁትን ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃማ ወራሪ ዛፍም በምንም ምክንያት አታምጡ። ቅንጬ አረምን ካያችሁ ሳያብብ ንቀሉ፤ ይህ አረም በሀገራችን ቀድሞ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ይሄው የእኛ አካባቢ ነው። ቆዳ ስለሚያሳክክ ጓንት አድርጉ። እምቦጭ ግን ከሁሉ ይብሳል። ጣና ላይ ያደረገውን አይተናል። ሐምራዊ አበባ ያለው ተንሳፋፊ ተክል አንድም ብታዩ ከነሥሩ አውጡትና ከውሃው ርቆ ይድረቅ፤ ለወረዳውም በዚያው ቀን ንገሩ።

ሞተሩ

ከባዱ ነገር ይሄ ነው። በአንድ ክበብ የሚፈታ አይደለም፤ ነገር ግን መጀመር ይቻላል።

ሐይቁ ዳር፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ በሳንቲ ሜትር የተከፋፈለ የብረት ዘንግ እንዲቆም አድርጉ። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ይቀባ። ከሞተር ባለቤቶቹ ጋር ተነጋገሩ፦ ውሃው ቢጫው ላይ ሲደርስ በፈረቃ፣ ቀዩ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ደረጃውን እነሱ ራሳቸው ይወስኑ። ሰው ራሱ የቆረጠውን ቁርጥ ያከብራል። ከሐይቁ አጠገብ የተቆፈረ ጉድጓድም ብዙ ጊዜ የሐይቁን ውሃ ነው የሚስበው፤ ስለዚህ ስምምነቱ ጉድጓዶቹንም ይጨምር።

ውሃ የሚቆጥበውን ነገርም አብራችሁ አምጡ። ጠዋት ማለዳ ወይም ማታ ማጠጣት፣ የጫቱን እግር በደረቅ ሣር መሸፈን፣ አቅም ሲኖር ጠብታ መስኖ። ከቦይ መስኖ ጋር ሲነጻጸር ነዳጅም ይቆጥባል፤ ለገበሬው ደግሞ ቀድሞ የሚታየው የነዳጁ ወጪ ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው ሐይቁ አጠገብ ግብርና እያስተማረ ነው። የመስኖ ተማሪዎቹን ለማሳያ እርሻ መጋበዝ ትልቅ እገዛ ነው።

መረብ፣ ሳሙና፣ መርጫ

እነዚህን በአጭሩ። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብና ቀጭን የፕላስቲክ ክር መረብ ገና ያልወለደውን አሳ ጭምር ያወጣል። አጥማጆቹ በማኅበር ተደራጅተው ሰፊ ዓይን ያለው መረብ ብቻ እንዲጠቀሙ፣ በክረምቱ መግቢያም ጥቂት ሳምንታት ዳር ዳሩን እንዲተዉ ጠይቁ። የሀገሪቱ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ የወረዳው ባለሙያ ያስረዳችኋል።

ባጃጅና መኪና ሐይቁ ዳር ማጠብ ይቅር። ልብስ የሚያጥቡ እናቶችን ግን አትከልክሉ፤ ውሃውን ቀድተው ከጥብጣቡ ውጭ የሚያጥቡበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አዘጋጁላቸው። የፀረ ተባይ መርጫ ሐይቁ ውስጥ አይታጠብ፣ ባዶ ጠርሙሱም ዳር አይጣል። መውጫ በሌለው ሐይቅ ውስጥ አንድ ጠርሙስ የትም አይሄድም።

መቁጠር

ሥራችሁ መሥራቱን የምታውቁት በመቁጠር ነው። ሦስት ነገር ይበቃል።

የዘንጉን ቁጥር በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ጻፉ። የውሃውን ጥራት ለማየት 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆርቆሮ ግማሽ ግማሹን ጥቁርና ነጭ ቀቡ፣ ክብደት አሥራችሁ በገመድ ከጀልባ ላይ አውርዱት። ከዓይን የጠፋበትን ጥልቀት መዝግቡ። ከክረምት በኋላ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እየጨመረ ከሄደ፣ ላይ ያሠራችሁት ቦረቦር ደለሉን እየያዘ ሊሆን ይችላል።

ወፎቹን በጥር ቁጠሩ፤ በዓለም ዙሪያም የውሃ ወፎች የሚቆጠሩት በዚያ ወር ነው። ጠዋት ማለዳ፣ ፀሐይ ከኋላችሁ ሆና፣ ሁልጊዜ ከተመሳሳይ ቦታዎች። ስማቸውን ባታውቁም ችግር የለም፤ ዳክዬ፣ ይብራ፣ ፔሊካን፣ እግረ ረጃጅም ብላችሁ በየቡድኑ ጻፉና ፎቶ አንሱ። መዝገቡን በሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ቀበሌ ይሁን። ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ በጥቅምት ተመልሳችሁ የተነቀለውን ክትር ድንጋይ መልሱ፣ የሞተውን ቄጠማ ቦታ በወረቀት ላይ ምልክት አድርጉና ለሚቀጥለው ሰኔ ያዙት።